ማገጃው ሕግ ይጥሳል? የአንድ ሳምንት ክርክራችን

ይህን ሳምንት ከመሥራት ይልቅ ስንከራከር አሳለፍን። ቬክስ ለተባለው የተማሪዎች የሮቦት ውድድር የኦቨር አንደር ጨዋታ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ለ2023–24 የውድድር ዘመን፣ የሠራነው ሮቦት በአየር ግፊት የሚዘረጉ ሁለት ክንፎች አሉት። ሲዘረጉ ተጋጣሚ ሮቦት የሚያልፍበትን መተላለፊያ ይዘጋሉ፤ ማገጃ የምንላቸውም እነሱን ነው። ግማሻችን «ይህ መከላከል ነው» አልን፤ ግማሻችን «ይህ ማፈን ነው» አልን። እኔ ከሁለተኞቹ ነበርኩ።

መጀመሪያ ስፋቱን ለካን። በኦቨር አንደር ሕግ ሮቦቱ ሲጀምር ከ18 ኢንች በማይበልጥ ኩብ ውስጥ መግባት ነበረበት፤ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ደግሞ አግድም ስፋቱ ከ36 ኢንች ማለፍ አይችልም ነበር። በመለኪያ ሜትር ስንለካው 35 ተኩል ኢንች ወጣ፣ ሁሉም ተደሰተ። ነገር ግን ክንፎቹ ትንሽ ወደ ፊት ያጋደሉ ስለሆኑ ከፊት ሲገፉ እየቀኑ ይሰፋሉ፤ እየገፋን ስንለካ 36 ተኩል ደረሰ። ሕጉ ደግሞ የሚሠራው በጨዋታው በእያንዳንዱ ቅጽበት ነው። ከእያንዳንዱ ጫፍ አንድ ኢንች ቆረጥን።

ክንፉን የሚወጥረው ገመድም አሳስቦኝ ነበር። ገመዱ ከተፈቀዱት ዕቃዎች አንዱ ነው፤ ይሁን እንጂ የተጋጣሚ ጎማ ሊጠልፍ በሚችልበት ከፍታ ላይ ተወጥሯል። ዕቃው መፈቀዱ አጠቃቀሙን አይፈቅድም። በፕላስቲክ ደጋፊ ተካነው።

ዋናው ክርክር ግን መያዝን የሚመለከት ነበር። ተጋጣሚን ከግድግዳ ጋር ማጣበቅ፣ ማንሳት ወይም መውጫ በሌለው ጠባብ ቦታ መክበብ ሦስቱም እንደ መያዝ ይቆጠራሉ፤ ከአምስት ሰከንድ ቆጠራ በላይም አይፈቀዱም። ጠባብ ሲባል በግምት ከሜዳው ወለል ንጣፎች የአንዱ ያህል፣ ሁለት ጫማ በሁለት ጫማ ነው። ለማምለጥ የማይሞክር ሮቦት ግን ተከበበ አይባልም። ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ ሳነብ አቋሜ ተናጋ፤ ለካ እኔ የምፈርደው በክንፉ መልክ ነበር።

ስለዚህ ያለፈውን ዓመት ሮቦት መጀመሪያ መተላለፊያው ላይ፣ ከዚያም ጥግ ላይ አቁመን ማገጃውን ዘረጋንበትና የእሱ ነጂ በሙሉ ኃይል እንዲያመልጥ ነገርነው። በመተላለፊያው ላይ ዞሮ መሄጃ ስላለው መዝጋታችን መያዝ አልሆነም። ጥጉ ላይ ግን ወዴትም ማለፍ አቃተው፤ አምስት ቆጠርን፣ አሁንም እዚያው ነበር። ያው ክንፍ፣ ያው ስፋት፤ አንድ ቦታ ሕጋዊ፣ ሌላ ቦታ ጥፋት።

ዳኛ ሲጠራጠር ደግሞ ፍርዱ ነጥብ ለማስቆጠር ወደሚጫወተው ሮቦት እንደሚያደላ ሕጉ ራሱ ይናገራል። እኛ በምናግድበት ጊዜ ያ ሮቦት እኛ አይደለንም። በዚህ ምክንያት ነጂያችን ጥግ ላይ ሦስት እንደተቆጠረ ክንፉን አጥፎ ሁለት ጫማ እንዲያፈገፍግ ተስማማን። ትናንት ሃያ ጊዜ ተለማመደው፤ አራቱን ጊዜ ያፈገፈገው አንድ ጫማ ብቻ ስለነበር ነገ ንጣፉ ላይ መስመር አስምረን እንቀጥላለን።