በሁዳዴ ወተት ማን ይገዛል?

ጥያቄው የአንዲት እናት ነበር። አዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ተሰብስበናል። ከምሠራበት የበጎ አድራጎት ድርጅት ሦስት ነን፤ እነሱ ወደ ሃያ የሚጠጉ ሴቶች። ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ለጥፌ የወተት ሥራ ምን ያህል እንደሚያዋጣ አስረዳለሁ። እማማ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ያልሽው ሁሉ ጥሩ ነው። በሁዳዴ ግን ወተት ማን ይገዛል?»

መልስ አልነበረኝም። ፕሮፖዛሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዋጋውም ትርፉም በሰንጠረዥ ተቀምጧል። ሰንጠረዡ ግን ዓመቱን በ12 እኩል ወር ያካፈለ ነበር። ሁዳዴ ብቻ 55 ቀን ነው። የነቢያት ጾም አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ ረቡዕና ዓርብ አለ። እኔ ራሴ እየጾምኩ ያደግኩ ሰው ነኝ። ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተር ስከፍት ግን የማውቀውን ሁሉ ደጅ ትቼው ገባሁ።

ይህን የምጽፈው በከተማው ዳርቻ እንዲህ ያለ ሥራ ለመጀመር ለሚያስቡ ነው። እኛ ዓመታት የፈጀብንን እነሱ በወራት እንዲያልፉት።

ቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚጀምርበት ነው። ወደ ቂሊንጦ ሲኬድ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ወደ ኮዬ ፈጬ ሲኬድ ዓይን የሚችለውን ያህል ኮንዶሚኒየም ነው። ይህ ሁሉ ትናንት ጤፍና ሽንብራ የሚዘራበት መሬት ነበር። እዚህ ቆሞ እድገት የለም የሚል ሰው የለም። ያደገው ነገር ግን የነዚህን ሴቶች ቤት ሳያንኳኳ ነው ያለፈው።

መሬቱ ሲወሰድ ካሳ ተከፍሏል። ያኔ ይሠራበት የነበረው የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 ነው። ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ የማፈናቀያ ካሳ ይሆን ነበር። ሴቶቹ እንደነገሩን ብሩን በአንዴ የተቀበለው አባወራው ነው። ገበሬ ብር የሚያየው ባዝመራ ጊዜ፣ ያውም በልኩ ነው። የአሥር ዓመት ገቢ በአንድ ቀን ሲመጣ ማን ቁጭ አድርጎ አማከረው? ቤት ተሠራበት፣ ልጅ ተዳረበት፣ ባጃጅ ተገዛበት። በብዙው ቤት በስተመጨረሻ የቀሩት ሁለት ሦስት ላሞች ናቸው። እነሱን የምታልበው ደግሞ ሴቷ ናት።

ወተት ጋ የደረስነው ግን ወዲያው አይደለም። የመጀመሪያው ዓመት ልብስ ስፌት አሠለጠንን። 15 የስፌት መኪና ገዛን፣ ሦስት ወር አስተማርን፣ ሰርተፊኬት ሰጠን፣ ፎቶ ተነሳን። በዓመቱ ስንጠይቅ በመኪናቸው የሚሠሩት ሁለት ብቻ ነበሩ። ሰፈሩ ውስጥ ልብስ የሚያሰፋ ሰው የለም፤ ሁሉም ሰልባጅና ዝግጁ ልብስ ነው የሚገዛው። ስፌትን የመረጥነው ለመግዛትም ለሪፖርትም ስለሚቀል ነው። ይህን መናገር ያሳፍረኛል፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ሥልጠና የሚባለውን ነገር አቆምንና ብሩ በየት በኩል እንደሚሄድ ማየት ጀመርን። አንድ ሳምንት ሙሉ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሬ ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ከጥበቃው ጋር ተቀመጥኩ። ጥበቃው ሻይ እየጋበዘኝ ማን ምን ይዞ እንደሚገባ ይነግረኛል። የታሸገ ወተት ከከተማው ሌላኛው ጫፍ ተጭኖ ይመጣል። እናቶች ሕፃን አቅፈው ሱቅ በር ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ከዚያው በር አምስት መቶ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ደግሞ ሴቶች ወተታቸውን በጀሪካን ይዘው ለመንገድ ዳር ነጋዴ፣ እሱ በቆረጠው ዋጋ ይሸጣሉ። ገበያ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። አስፋልት መሻገር ነበር።

ሴቶቹ ቀድሞውንም እቁብ ነበራቸው። ከዚያ ነው የተነሳነው። አበል አንከፍልም አልን። «አበል አለው?» የሚለውን ጥያቄ በዚህ ሥራ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። የለውም ስንል ከሃያዎቹ ስምንት ቀሩ። አሥራ ሁለቱ ቡና እያፈላን፣ ቆሎ እየቆረጠምን ቀጠልን። ከሦስት ወር በኋላ ቀርተው የነበሩት ራሳቸው ጎረቤት እየያዙ መጡ።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ የላክቶሜትሩ፣ ወተት ውሃ እንዳልገባበት የሚለካው መሣሪያ፣ ነገር ነው። ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

የወተት መሰብሰቢያችን አንድ የቆርቆሮ ክፍል ነው። ወተት ሲመጣ መጀመሪያ ይሸተታል። ቀጥሎ በትንሹ ከአልኮል ጋር ይደባለቃል፤ መኮምጠጥ ከጀመረ ይረጋል። ከዚያ ላክቶሜትር ይገባበታል። የመስታወት ዘንግ ነው፤ ወተቱ ውስጥ ይንሳፈፋል። ውሃ ያልገባበት ወተት አብዛኛውን ጊዜ ከ28 እስከ 32 ባለው ላይ ያርፋል። ውሃ ከገባበት ዘንጉ ሰመጥ ይላል፣ ቁጥሩም ይወርዳል።

በሁለተኛው ሳምንት የአንዲት ሴት ወተት 25 አነበበ። በማግስቱም 25። በሦስተኛው ቀን የሚለካው ልጅ ሰልፉ ፊት «ውሃ ገብቶበታል» አላቸው። አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ ዝም አልኩ። ወተቱን መለስንባቸው። ሴትየዋ አንድ ቃል አልተናገሩም። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው ሄዱ።

ሰፈር ውስጥ «ውሃ ቀላቅላ ሸጠች» መባል ቀላል ነገር አይደለም። ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ስም ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ቤታቸው ሄጄ፣ ይቅርታ ጠይቄ፣ ሲያልቡ ልይ አልኳቸው። ፈቀዱልኝ። ላሟን በሙቅ ውሃ ጡቷን አጥበው፣ እያባበሉ አለቡ። ውሃ አልገባበትም። ይዘነው ወጣን። ቤታቸው ከመሰብሰቢያው ሃምሳ ርምጃ አይሞላም። ያኔ ገባኝ። ሌሎቹ ግማሽ ሰዓት በእግር መጥተው፣ ወተታቸው በጠዋቱ ብርድ ቀዝቅዞ ነው የሚደርሰው። የሳቸው ገና ትኩስ ነው፤ አረፋው እንኳ አልጠፋም። የኛ ላክቶሜትር የተሠራው ለ20 ዲግሪ ነው። ወተት ሲሞቅ ይሳሳል፣ ንባቡም ይወርዳል። ቴርሞሜትር ስናስገባ 34 አለ። ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጠን ቆይተን ስንለካ ከ28 በላይ ሆነ።

ይቅርታ የጠየቅናቸው ሰልፉ ፊት ነው፤ ያዋረድናቸው እዚያው ስለነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልቀዘቀዘ ወተት አይለካም። የሚጠረጠር ካለ ለብቻ ይጠራል እንጂ በሰው ፊት አይነገርም። የሚለካውም ሰው ከድርጅቱ መሆኑ ቀረ። ሴቶቹ ከመካከላቸው መረጡ። የመረጡት ማንን እንደሆነ መገመት አያቅትም።

ሌላው ጉዳይ ስም ነው። ኅብረት ሥራ ማኅበር ለመሆን ዝርዝር አዘጋጁ ስንል 24 ስም መጣ። 19ኙ ወንዶች ነበሩ። የምታልበው ሚስት፣ የምታመጣው ሚስት፣ አባሉ ባል። በማኅበር ደግሞ አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው። በየ15 ቀኑ የሚከፈለው ብርም ስሙ ያለበት ሰው እጅ ይገባል። ብዙ ተነጋገርን። በመጨረሻ አባል የሚሆነው ወተቱን የሚያመጣ ሰው ነው የሚል ደንብ ወጣ። አብዛኞቹ ባሎች ተቀበሉ። ሁለቱ ሽማግሌ ገብቶ ነው የተስማሙት። አንድ ቤት ግን አልሆነም፤ ሴትየዋ ከነጭራሹ እንዳትመጣ ተከለከለች። እስካሁን መንገድ ላይ ሳገኛት ሰላም ብላኝ ቶሎ ታልፋለች። ደንቡን ከማውጣታችን በፊት ባሎቹን በየቤታቸው ሄደን ቡና ጠጥተን ብናነጋግር ኖሮ እሷንም ባላጣናት ነበር ብዬ አስባለሁ።

ቋንቋም ነበር። አንዳንዶቹ እናቶች በቤታቸው የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው። እኔ በአማርኛ ሳስረዳ «እሺ፣ እሺ» ይሉኛል። አንድ ቀን ስብሰባው ካለቀ በኋላ አንዷ ልጃቸውን በኦሮምኛ ሲጠይቁ ሰማሁ። የሚጠይቁት ጥያቄ አልነበራቸውም ብዬ ሪፖርት የጻፍኩባቸው ሴት ናቸው። ልጅቷ ያስተረጎመችልኝ ጥያቄያቸው የብድር ወለድ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ነበር። በጣም ትክክለኛ ጥያቄ። ከዚያ በኋላ ስብሰባ በሁለቱም ቋንቋ ሆነ። ጊዜ ይወስዳል፤ ይውሰድ።

ወደ ሁዳዴው ልመለስ። የእማማን ጥያቄ ይዤ ብዙ ባለሙያ ጠየቅኩ። ማቀዝቀዣ ግዙ የሚል ነበር፣ የወተት ዱቄት የሚልም ነበር። በመጨረሻ ተመልሼ ራሳቸውን ጠየቅኳቸው። «እናትዎ ምን ያደርጉ ነበር?» ሳቅ አሉ። «ምን ታደርጋለች? ትንጣለች እንጂ።»

ወተቱ ይረጋል። እርጎው በወይራ በታጠነ ቅል ወይም ገንቦ ይናጣል። ቅቤው ይወጣል፣ ከአሬራው አይብ ይሆናል። ለአንድ ኪሎ ቅቤ 20 ሊትር ገደማ ወተት ይፈጃል። ሳይነጠር ከቆየ ይሻግታል፤ በኮረሪማና በኮሰረት ተነጥሮ ከተቀመጠ ግን ፋሲካ ይደርሳል። የፋሲካ ዋዜማ የቅቤ ዋጋ ምን እንደሚመስል አዲስ አበባ ውስጥ ለኖረ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያውቁ ከሆነ ለምን አይሠሩትም ነበር? ጥያቄውን ለመጠየቅ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። መልሱ ፉርሽካ ነው። ላሚቱ ዛሬም ነገም መብላት አለባት። ፉርሽካና ፋጉሎ በዱቤ የሚሰጥ የለም። ቅቤው ብር የሚሆነው ግን ከሁለት ወር በኋላ ነው። ስለዚህ በሁዳዴ ወተቱን በርካሽ ለነጋዴ ይሰጣሉ፣ ሲብስ ላሟን ይሸጣሉ። የጎደላቸው እውቀት አልነበረም። 55 ቀን የሚያሻግር ብር ነበር።

ለሥልጠና የተያዘውን ቀሪ በጀት ለጋሹን አሳምነን ወደ ተዘዋዋሪ ብድር አዞርነው። ስሙን ሴቶቹ «የሁዳዴ ብድር» አሉት። መኖ በጅምላ ይገዛል፣ በየቤቱ ይከፋፈላል፣ ዕዳው ከፋሲካ በኋላ ይከፈላል። ዋስትናው እርስ በርስ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከአንዲት በቀር ሁሉም ከፈሉ። የሷ ላም ሞታ ነበር። ማኅበሩ ራሱ ዕዳዋን ወደሚቀጥለው ዓመት አሻገረላት።

ደግሞ የማይጾም ሰው አለ፤ ይህንንም ዘግይተን ነው ያየነው። ሕፃናት አሉ፣ መዋዕለ ሕፃናት አለ፣ ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ጎረቤት አለ። በ2016 ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ጀመሩ። የጠዋቱ ወተት ይናጣል፣ የማታው ለአፍጥር ይሸጣል። በዚያ ሰሞን ማታ ማታ ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ የነበረውን ሰልፍ አልረሳውም።

ለድርጅት ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። የ2001ዱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 621 ከበጀት ለአስተዳደር ከ30 በመቶ በላይ አይውጣ ሲል ለክትትል የሚወጣው መጓጓዣ ሳይቀር በዚያ ውስጥ ይቆጠርብን ነበር። የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1113 ጣሪያውን ወደ 20 ዝቅ ቢያደርገውም ለፕሮጀክቱ ሥራ የሚወጣውን ከአስተዳደር ወጪ ለይቶታል። ስለዚህ በየቤቱ ለመመላለስ የሚሆን በጀት ያዙ፤ አትፍሩ። ንጋት 11 ሰዓት ቤታቸው ባልሄድ ኖሮ እኚያን ሴት እስከዛሬ ውሃ ቀላቃይ እንላቸው ነበር።

አሁን የያዘን ጉዳይ የአንዲት ወጣት ነው። ልብስ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። አሜሪካ የአጎዋን ከቀረጥ ነፃ ዕድል ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ስታቋርጥ ፋብሪካው ሠራተኛ ቀነሰ፤ እሷም ወጣች። ቤት የላትም፣ ተከራይ ናት። ላምም የላትም። ወተቱን በባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ይዛ ኮንዶሚኒየሙ ላይ ፎቅ ለፎቅ የምታደርሰው እሷ ናት። ሊፍት የለም። የትኛው ቤት ሕፃን እንዳለ፣ ማን ደመወዝ እስኪወጣ እንደሚቆይ በቃሏ ታውቃለች። እሷ አንድ ቀን ከቀረች ሽያጩ ያስታውቃል።

አባል ልሁን ብላ አመለከተች። ደንቡ አባል የሚሆነው ከላሟ ወተት የሚያመጣ ነው ይላል። ያንን ደንብ ሴቶቹ እንዲገቡ ብዬ የተሟገትኩለት እኔ ነኝ። እሷን ደጅ ያስቀራት ያው ደንብ ነው።

ጠቅላላ ጉባኤው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው እሑድ ነው። እማማ ለልጅቷ እንደሚናገሩላት ነግረውኛል። አንዳንዶቹ ግን ትርፉ ለብዙ ሰው ይከፋፈላል ብለው ይሰጋሉ፤ ስጋታቸው ይገባኛል። እኔ ድምፅ የለኝም። ቡናውን ለማፍላት ቀድሜ እደርሳለሁ።