ጣቢያ በር ላይ የቆሙት ሁለት ብስክሌቶች

ጃፓን የሚመደብ ወጣት የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ሚስዮናዊ መጀመሪያ የሚያስጨንቀው ቋንቋው ነው። ጥቂት ሳምንታት ከቆየ በኋላ ግን ሐሳቡ ወደ ብስክሌቱ ይዞራል። በብዙ ከተሞች መኪና አይሰጠውም፤ ቀጠሮው ሁሉ የሚደርሰው ፔዳል እየረገጠ ነው። በዚያ ላይ ከተመደበለት ባልደረባ ተለይቶ መሄድ አይፈቀድለትም። የአንዱ ብስክሌት ቆመ ማለት የሁለቱም ሥራ ቆመ ማለት ነው።

ይህ የሁለት ወጣቶች አንድ ሳምንት ነው። ሰኞ የዝግጅት ቀናቸው ነበር፤ ልብስ አጠቡ፣ አስቤዛ ገዙ፣ ቤተሰብ ጋ ደወሉ። (እስከ 2019 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ ስልክ የሚፈቀደው በዓመት ሁለቴ፣ በገናና በእናቶች ቀን ብቻ ነበር። አሁን በየሳምንቱ ሆኗል፤ ሰኞም ቶሎ ያልቃል።) ጎማ መንፋት፣ ፍሬን ማየት፣ ሰንሰለት ዘይት መቀባት የዚሁ ቀን ሥራ ነበር፤ አልደረሱበትም።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ስብሰባ በባቡር ለመሄድ ብስክሌቶቹን ጣቢያው በር አጠገብ፣ የእግረኛ መንገድ ላይ አቁመው ቆለፉ። ከሰዓት ሲመለሱ ሁለቱም የሉም። «ተሰረቅን» ብለው ፖሊስ ፍለጋ ሊሮጡ ሲሉ አንዱ አጥሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ በስልኩ ካሜራ አስተረጎመው። ሌባ አልነበረም፤ ማዘጋጃ ቤቱ ነው የጫናቸው። ጣቢያ አካባቢ ማቆም በተከለከለባቸው ቦታዎች የተገኘ ብስክሌት ተቆልፎም ቢሆን በጭነት መኪና ተነሥቶ ወደ ማከማቻ ይወሰዳል። ለማስመለስ የብስክሌቱ ቁልፍ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ካርድና ገንዘብ ያስፈልጋል። ክፍያው እንደ ከተማው ይለያያል፤ ለአንዱ ከ2,000 እስከ 5,000 የን ድረስ ነው። ጣቢያው ሥር ያለው የብስክሌት ማቆሚያ ግን ለቀን 100 ወይም 150 የን ቢያስከፍል ነው። ማከማቻው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጣቢያው ራቅ ያለ ቦታ ነው። የዕለቱ ቀጠሮዎች በሙሉ ተሰረዙ።

ዋናው ጣጣ የመጣው ሐሙስ ማታ ነው። አንዱ መብራቱ ሳይበራ ሲነዳ ፖሊስ አስቆመው፤ ከወንበሩ ሥር ያለውን ብረት በባትሪ እያበራ ተለጣፊውን አነበበና ቁጥሩን በሬዲዮ አስጠየቀ። ጃፓን ውስጥ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብስክሌትን በባለቤቱ ስም ማስመዝገብ ግዴታ ነው። የመጣው ስም የልጁ አልነበረም። ቀደም ሲል እዚያው ቤት ይኖር የነበረ፣ አገልግሎቱን ጨርሶ አገሩ የገባ ሚስዮናዊ ስም ነው።

እንዲህ ያለው ነገር የሚደርሰው በዝውውር ምክንያት ነው። በየስድስት ሳምንቱ ምደባ ይከለሳል፤ አንዳንዱ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፣ ብስክሌቱ ግን ቤቱ ውስጥ ለተተኪው ይቀራል። ቁልፍ እንጂ ወረቀት አብሮ የሚሰጥ የለም። ፖሊሱ ጨዋ ሰው ነበር፤ ግን እስኪያጣራ ድረስ ብርድ ላይ አቆማቸው፣ በጉጉት ሲጠብቋቸው የነበሩት አዛውንት ባልና ሚስትም ተኙ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ጊዜውን ካላሳለፉት። የቀድሞው ባለቤት ስሙን፣ አድራሻውንና የምዝገባውን ቁጥር ጽፎ «ለእገሌ አስተላልፌያለሁ» የሚል ወረቀት ይፈርማል፤ ተረካቢው ያንን ወረቀት፣ መታወቂያውንና ብስክሌቱን ይዞ ምዝገባ ወደሚሠራ የብስክሌት ሱቅ ይሄዳል። ክፍያው 600 የን አካባቢ ነው። ምዝገባው በየክፍለ ግዛቱ ስለሆነ፣ ብስክሌቱን ይዞ ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት የተዛወረም እንደ አዲስ ያስመዘግባል። ፊርማው መወሰድ ያለበት ሰውየው ሻንጣውን ሲያስር ነው፤ አውሮፕላን ከተሳፈረ በኋላ አይደለም።

እነዚህ ልጆች ቅዳሜ ሱቅ ሲደርሱ የያዙት በስልክ የተላከ የፊርማ ፎቶ ነበር። ባለሱቁ አየት አድርጎ ዋናውን ወረቀት ጠየቀ። ዋናው በፖስታ እስኪመጣ ድረስ የሚስዮን ቢሮው ያንን ብስክሌት እንዳይነዱ ከለከለ። ሌላው ብስክሌት እንከን አልነበረውም፤ ግን አንዱ እየነዳ ሌላው በእግሩ ሊሄድ ስለማይችል እሱም በረንዳ ላይ ተቆልፎ ዋለ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሄዱት በአውቶቡስ ነው።