የሚፈርስ ሕንፃን ብረት ለመታደግ በዲጂታል መንትያ የሠራሁት ሥራ

የብረት መዋቅር ያለው የቢሮ ሕንፃ እንዲፈርስ ሲወሰን፣ ብረቱ ወደ ማቅለጫ ከመሄዱ በፊት በነበረበት ቅርጽ ተፈትቶ ለሌላ ሕንፃ እንዲውል የማዘጋጀቱን ሥራ ተረከብኩ። ማቅለጥ ከፍተኛ ኃይል ስለሚፈጅ፣ ደህና የሆነን አግዳሚ ብረት ወደ እሳት መመለስ ያሳዝነኛል።

ሕንፃውን በሌዘር ስካነር ለክተን፣ ዲጂታል መንትያውን፣ ማለትም ሕንፃውን በኮምፒውተር ውስጥ የሚወክለውን ሞዴል፣ የተለያዩ ሶፍትዌሮች እንዲያነቡት በአይኤፍሲ ቅርጸት አዘጋጀነው፤ የእያንዳንዱንም ብረት ክብደት አንድ ሜትር ኩብ ብረት 7,850 ኪሎ ግራም ያህል እንደሚመዝን ወስደን አሰላን። ሞዴሉን ለአፍራሹ ሥራ ተቋራጭ ሳሳየው ግን አስቀድሞ የጠየቀኝ አግዳሚዎቹ ከምሰሶዎቹ ጋር የተያያዙት በቡሎን ይሁን በብየዳ ነበር፤ መልስ አልነበረኝም። ስካነር የሚያየው ገጽታን ብቻ ስለሆነ፣ በጂፕሰም ሰሌዳና በእሳት መከላከያ ልባስ የተሸፈኑት መጋጠሚያዎች በሞዴሉ ውስጥ ባዶ ነበሩ። የቀድሞው ንድፍ ሁሉም በቡሎን እንደታሰሩ ቢያሳይም፣ ሽፋኑን በየፎቁ ከፍተን ስናይ በኋላ በተደረገ ጥገና የተበየዱ አገኘን። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱን መጋጠሚያ ዓይነት፣ ሠራተኛ በምን በኩል እንደሚደርስበትና ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚፈታ መዘገብን። በ2020 የወጣው፣ ሕንፃዎችን ለመፈታታት በሚያመች መንገድ ስለመንደፍ የሚናገረው ዓለም አቀፍ ደረጃ አይኤስኦ 20887 መጋጠሚያ በቀላሉ እንዲደረስበት ለምን እንደሚጠይቅ በደንብ የገባኝ ያኔ ነው።

ሁለተኛው ስህተቴ መለያ ላይ ነበር። በየብረቱ የለጠፍነው የኪውአር ኮድ አሮጌው ቀለም በአሸዋ ግፊት ሲጠረግ አብሮ ጠፋ፤ በግቢው የተደረደሩት ብረቶችም እርስ በርስ የሚመሳሰሉ በመሆናቸው የትኛው የትኛው እንደሆነ በዓይን ብቻ መለየት አልተቻለም። ሁሉንም እንደገና ለክተን ከሞዴሉ ጋር ካመሳከርን በኋላ አጭር ቁጥር በብረቱ ላይ በመዶሻ ቀረጽን። ይህ ቁጥር ባይኖር ኖሮ ከየምድቡ ናሙና ቆርጠን በመሳብ የፈተንነው የጥንካሬ ውጤት ባለቤት አልባ ይሆን ነበር፤ ውጤቱን የማያገኝ የመዋቅር መሐንዲስ ደግሞ ያገለገለ ብረት በንድፉ ውስጥ አያስገባም፣ ልክም ነው።

አሁን በምሠራበት አዲስ ሕንፃ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ከመሸፈኑ በፊት ፎቶግራፍ ተነሥቶ በዚያው ቀን መንትያው ውስጥ እንዲገባ በውሉ አስጽፌያለሁ፤ ቁጥሩም ብረቱ ከፋብሪካ ሲወጣ ተቀርጾ ይመጣል።