በድሬዳዋ ቆላ አይጥ ለጥናት ማጥመድ

የሸርማን ወጥመድ አይጥ መርገጫውን ስትረግጥ በሩ ተዘግቶ በሕይወት የሚይዛት የቀጭን አሉሚኒየም ሳጥን ነው፤ በድሬዳዋ ፀሐይ ውስጡ ቶሎ ይግላል፣ የገባችውም አይጥ ትሞታለች። ስለዚህ የምትዘረጉትን ብዛት የሚወስነው የገዛችሁት ወጥመድ ሳይሆን ፀሐይ ሳትበረታ አይታችሁ የምትጨርሱት ነው። ለሁለት ሰው 40 ይበቃል ባይ ነኝ። ሊመሽ ሲል ክፈቱ፣ ሊነጋጋ ሲል መሰብሰብ ጀምሩ፣ ቀን ዝጉት።

ለማባበያ የባቢሌን ለውዝ ቆልታችሁ ውቀጡና ከአጃ ጋር ለውሱት፤ ሽንብራ የምታህል ድብልብል ከመርገጫው ወዲያ፣ ጥግ ላይ አስቀምጡ። መርገጫው ላይ ከተቀባ አሸዋ ይይዝና በሩ አይዘጋም። ጉንዳን ካያችሁ መስመሩን ወዲያው አዛውሩ፤ የታሰረችን አይጥ በቁሟ ይበላታል።

አሸዋማው የደረቅ ወንዝ ዳር የጀርቢል፣ የበረሃ አይጥ ዓይነት፣ ነው፤ ወጥመዱ ቁጥቋጦ ሥር ይሁን። ድንጋያማው ተዳፋት ላይ የሚገኘው እሾሃማው አይጥ፣ አኮሚስ ነው። እዚያ ወጥመዱን ከስንጥቁ አስጠግታችሁ በጠጠር አስደግፉት፤ ከተነቃነቀ ባዶውን ይዘጋል።

አኮሚስን በጅራቱ አትያዙ፣ ማጅራቱንም አትጨብጡ፤ ቆዳው በቀላሉ ይቀደዳል። ወደ ጨርቅ ከረጢት አራግፉትና በጨርቁ ላይ በለሆሳስ ያዙት። በኬንያ ሁለት የአኮሚስ ዝርያዎች ላይ ተሠርቶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የተቀደደ ቆዳቸውን ከነፀጉሩ መልሰው ያበቅላሉ፤ የተበሳ ጆሯቸውም ይደፈናል። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ለሌሎች አይጦች የሚያገለግለው የጆሮ ቀዳዳ ምልክት ለአኮሚስ አያስተማምንም። ቀዳዳው ከተደፈነ ተመልሶ የተያዘው እንደ አዲስ ይቆጠራል፣ የብዛት ግምቱም ያለ አግባብ ያብጣል። ለጥቂት ቀን ጥናት ጎኑ ላይ ፀጉሩን ሸልቱት፤ ለረጅሙ ግን ከቆዳ ሥር የሚገባ ማይክሮቺፕ ይሻላል።

ክብደት ከነከረጢቱ መዝኑና የከረጢቱን ቀንሱ፤ ከረጢቱ በሽንት ስለሚርስ ባዶውን በየአይጡ መመዘን ያስፈልጋል። የኋላ እግር ርዝመት የተለካው ከነጥፍሩ ይሁን ያለ ጥፍር መዝገቡ ላይ ግለጹ፤ አንዱ እንዲህ ሌላው እንዲያ ከለካ ልዩነቱ የዝርያ ይመስላል። የአኮሚስ ጅራት ብዙ ጊዜ ጎዶሎ ነው፤ «የተቆረጠ» ብላችሁ ጻፉና ከአማካዩ አውጡት።

የወጥመዱን ቁጥር ከረጢቱ ላይ ጻፉ፤ አይጡ የሚለቀቀው እዚያው በተያዘበት ቦታ፣ መሬቱ ሳይግል ነው።