አሥራ ስድስት ጥቁር ፕላስቲክ

ሐዋሳ፣ ሐሙስ ማታ

ዛሬም ፊቴን ሳልታጠብ ጓሮ ወጣሁ። ሰባት ሳምንት ሆነኝ እንዲህ ስል። ከኩሽናው ጀርባ አፈር የሞላሁባቸው አሥራ ስድስት ጥቁር ፕላስቲኮች ተደርድረዋል። ከላይ ሽቦ አልብሻቸዋለሁ፤ ለሐዋሳ ጦጣ ችግኝም ሙዝም አንድ ነው። አራተኛው ላይ አፈሩ ተሰንጥቋል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ክር የምታህል ቡቃያ አንገቷን አቀርቅራ ወጥታለች። ብቻዬን ጮኽኩ። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል «ምነው፣ እባብ ነው?» አለችኝ።

እባብ አይደለም፣ ጥቁር እንጨት የሚባለው ዛፍ ነው። በካሜሩንና በማዳጋስካር ቅርፊቱን ለፕሮስቴት፣ ለወንዶች ዕጢ ሕመም፣ መድኃኒት እየላጡ ክፉኛ አመናምነውታል። በፈረንጆቹ ከ1995 ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። እኛ ጋ ደግሞ መጋዙ ነው የሚፈጀው፤ ጣውላው ጠንካራ ነዋ።

ይኼ ሁለተኛ ሙከራዬ ነው። የመጀመሪያውን ሳስበው አሁንም ያሳፍረኛል። ከወንዶ ገነት አርባ የሚሆን ፍሬ ይዤ መጣሁ። ዘር ይደርቃል እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል? ስንዴውም በቆሎውም ሲሰጣ እያየሁ ነው ያደግሁት። በረንዳ ላይ ጋዜጣ አንጥፌ ሦስት ሳምንት ፀሐይ አሞቅሁት። ከዚያ ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩ፣ ቀን ጻፍኩበት፣ መደርደሪያ ላይ አኖርኩት። ክረምት ሲገባ ዘራሁ። አንድ እንኳ አልበቀለም።

ችግኝ ጣቢያ ለሚሠሩ አንድ አዛውንት ነገርኳቸው። ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ሳቃቸው አላቆም አላቸው።

«ታዲያ ምነው አልቆላሽውም? ቡና ይወጣው ነበር!»

ቡናው እንኳ ቢሆን ማድረቅ ብዙም አይወድም፣ ዘሩ ቶሎ ይሞታል። አገሪቱ ቡናዋን ጅማ አካባቢ፣ ጮጬ ላይ፣ በቁሙ ተክላ የምትጠብቀውም ለዚሁ ነው። እንደ ስንዴ አድርቀው ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያስቀምጡት አይቆይም። ጥቁር እንጨትም ሥጋው ታጥቦ፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ፣ ቶሎ አፈር መልበስ አለበት። ይኼን ሳላውቅ ነው እንግዲህ አርባ ነፍስ የጠበስኩት።

ዘንድሮ ትኩስ ፍሬ ከእሳቸው ተቀበልኩ። ልሄድ ስነሳ ጠሩኝና አንድ ፌስታል ጥቁር አፈር ሰጡኝ። «ከእናቱ ሥር ያመጣሁት ነው፤ ጭብጥ ጭብጥ አርጊበት። አለዚያ ይቀጭጭብሻል» አሉኝ።

ደንግጬ ዝም አልኩ። እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ያ ጭብጥ አፈር ምን እንደያዘ አውቃለሁ። የዛፉ ሥር ውስጥ ገብተው የሚኖሩ ፈንገሶች አሉ። ፎስፈረስ ከአፈር ለቅመው ያመጡለታል፣ እሱም በስኳር ይከፍላቸዋል። ደግሞ ግትሮች ናቸው። ላቦራቶሪ ውስጥ በተዘጋጀ ምግብ ላይ ብቻቸውን ብታስቀምጧቸው አያድጉም፣ የግድ ሕያው ሥር ይፈልጋሉ። እነሱን የሚያራቡ ሰዎች ማሽላ ወይም በቆሎ ዘርተው፣ በሥሩ ላይ ነው የሚያራቧቸው። በሌላ አነጋገር ገበሬ ይሆናሉ።

ባክቴሪያውም ከዚህ አይሻልም። አፈር ውስጥ ካለው ባክቴሪያ ፕሌት ላይ፣ ማለትም ምግብ በፈሰሰበት ዝርግ ሳህን ላይ፣ የሚበቅልልን ብዙ ጊዜ ከመቶ አንድም አይሞላም። ምግቡ ይበዛበታል። ረሃብ የለመደ ሆድ ድንገት ሰርግ ቤት ሲገባ እንደሚሆነው ነው። ፈጣኖቹ ደግሞ ገበታውን ይወርሩታል።

ድሮ የሠራሁበት አንድ ቦታ ሕጉ 48 ሰዓት ነበር። ፕሌቱ በሁለት ቀን ካላሳየ ይጣላል። ስንቱን ጣልኩ! ከዚያ የፐርዝ ከተማውን ታሪክ ሰማሁ። በፈረንጆቹ 1982 አውስትራሊያ ውስጥ ማርሻልና ዋረን የተባሉ ሐኪሞች ከጨጓራ የወሰዱትን ናሙና ያሳድጋሉ፤ በሁለት ቀን ምንም ስለማይታይ ይጣላል። የፋሲካ በዓል ይመጣና ፕሌቶቹ ሳይጣሉ አምስት ቀን ያህል ይቆያሉ። ሲመለሱ በቅሏል። ዛሬ ለጨጓራ ቁስል ምክንያት የምንለው ባክቴሪያ ያ ነው፤ በፈረንጆቹ 2005 ኖቤል አሸለማቸው።

እኔም በእኛ ፋሲካ ሞከርኩት። መብራት ሁለት ቀን ጠፋ፣ ከዚያ መጣ፣ ፕሌቶቹን የሚያሞቀው ሳጥን፣ ኢንኩቤተሩ፣ ደግሞ ከልክ በላይ ጋለ። ማክሰኞ ስከፍተው ፕሌቶቹ ደርቀው እንደ ቂጣ ተሰነጣጥቀዋል። ኖቤል ቀርቶ የሚጣል እንኳ የለም።

በኋላ ነው የገባኝ። ባክቴሪያው የሚመገበውን ሾርባ በጣም አቀጠንኩት፣ ፕሌቱን ዙሪያውን በቴፕ አሸግሁ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ጨለማ ላይ አስቀመጥኩ። በ26ኛው ቀን ከጤፍ ቅንጣት ያነሰች፣ ብርሃን ላይ ካላዘነበልኳት የማትታይ ነጭ ነጥብ አገኘሁ። ተነጥላ ትደግ ብዬ ወደ አዲስ ፕሌት አዛወርኳት። እምቢ አለች። ሦስቴ ሞከርኩ። ተስፋ ቆርጬ መጀመሪያ ጎኗ ከነበረው ቢጫ ኮሎኒ፣ ማለትም የሌላ ባክቴሪያ ክምችት፣ አጠገብ ባስጠጋት በሳምንቱ ወፈረች። አንዳንዱ ባክቴሪያ ብረት የሚስብበትን ነገር ራሱ መሥራት አይችልም፣ የጎረቤቱን ይጠቀማል። እናቶቻችን እሳት ከጎረቤት ይጭሩ እንደነበረው። የእኔዋ ያጣችው ብረት ይሁን ሌላ ገና አላረጋገጥኩም። ስሟንም አላውቀውም፤ ለጊዜው «ጫሪ» ብያታለሁ።

አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች ደግሞ የአፈር ባክቴሪያን በስስ ሽፋን መሐል አድርገው እዚያው አፈሩ ውስጥ መልሰው ቀበሩት። ቴክሶባክቲን የሚባለው፣ በፈረንጆቹ 2015 ይፋ የሆነው አንቲባዮቲክ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። ብልጦች።

ወደ ፕላስቲኮቼ ልመለስ። ስምንቱ ላይ የጋሼን አፈር ጨምሬያለሁ፣ ስምንቱ ላይ የጓሮ አፈር ብቻ። ማታ ማስታወሻዬን ገልጬ አራተኛውን ፈለግሁ። የጓሮ አፈር ይላል።

ደወልኩላቸው። እንደማስቃቸው ጠርጥሬ ነበር፣ አልሳቁም።

«መብቀሉማ ይበቅላል፣ ስንቁን ከፍሬው ይዞ ነው የመጣው። ሲረዝም ደውዪልኝ» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ባትሪ ይዤ ወጣሁና ሽቦውን በድንጋይ አጠበቅሁት። ቀን ያቺ ጦጣ ግንቡ ላይ ተቀምጣ ስታየኝ ነበር።