ሽቅብ የሚፈስ ወንዝ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ!

የዘንድሮን መልእክት የምጽፍላችሁ ገና የጀልባው ንቅናቄ ከእግሬ ሳይወጣ ነው። ጳጉሜን 3፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወንድሜ በትንሿ ጀልባው ዋሽንግተን ዲሲ ወንዝ ላይ አወጣን። እማዬ፣ ባለቤቴ፣ ልጆቹና ውሻችን ቡቺ። ቡቺም እንደ ሰው ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሷል።

ነፋሱ ኃይለኛ ነበር። ፖቶማክና አናኮስቲያ የሚገናኙበት ሄይንስ ፖይንት ጋ ስንደርስ ጀልባዋ ትነጥር ጀመር። ፍንጣቂው ፊታችንን ያርሰዋል። እማዬ እንዳይበርዳት ብዬ ፎጣ ሳነሳ እጄን ያዘችኝ።

"ተይው። የሩፋኤል ውኃ ነው።"

ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ሰጠችው። ልጅ ሳለች ጳጉሜን ሲገባ ጎህ ሳይቀድ ወንዝ ወርደው ይጠመቁ እንደነበር ነገረችን። ልጆቼ ይህን ሲሰሙ እነሱም ፊታቸውን አወጡ።

ወንድሜ የሞገዱን ምክንያት አስረዳን። ነፋሱ ከሰሜን ወደ ታች ይነፍሳል፣ ውኃው ደግሞ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ ውኃው ቀጥ ብሎ ይነሳል፣ ይናደዳል።

"ወንዝ ሽቅብ ይሄዳል እንዴ?" አለች እማዬ።

እዚህ ይሄዳል። ባሕሩ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሳለ ጨረቃ የምትስበው ውኃ እስከዚህ ድረስ ይገፋል። በቀን 2 ጊዜ ይሞላል፣ 2 ጊዜ ይጎድላል። ልዩነቱ 1 ሜትር ገደማ ነው። ውኃው ጨው የለውም፤ ግን የባሕሩን ትእዛዝ ይሰማል። እኔ እዚህ ከተማ ስኖር ስንቴ በድልድዩ ላይ አልፌ ልብ ብዬው አላውቅም።

አናኮስቲያ ውስጥ ስንገባ ነፋሱ ቀለል አለ። አንድ ትልቅ ግንድ ከእኛ ጋር ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ቡቺ ጮኸበት፣ ጮኸበት፣ ከዚያ ደክሞት እማዬ እግር ሥር ተኛ። ይንቀጠቀጣል። እማዬ ውሻ ቦታው ደጅ ነው ባይ ናት፤ ቤታችን ከመጣች ጀምሮ ነክታው አታውቅም። ቁልቁል አየችው። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ጣል አደረገችበት። ማንም ምንም አልተናገረም።

ከድልድዮቹ ሥር አልፈን ኬኒልወርዝ አካባቢ ደረስን። ወንዙ እዚያ ጥልቀት የለውም፣ ሲሞላ ነው የሚኬደው። ዳርና ዳሩ ረግረግ ነው። ረግረጉ ላይ ቢጫ አበባ ፈንድቷል።

"አደይ!" አለች እማዬ፣ ቆማ። ወንድሜ ትከሻዋን ይዞ አስቀመጣት።

ቤት ገብቼ አጣራሁ። ቁርጥ አደይ አይደለም፤ ግን ዘመድ ነው። ሁለቱም በሳይንስ ባይደንስ ከሚባለው አንድ ወገን ናቸው። የኛም የነሱም የሚፈነዳው በመስከረም ሰሞን ነው። ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ፣ ለምን እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ስንመለስ ውኃው ዞሯል። ያው ግንድ አሁን ቁልቁል ይመጣል። ቡቺ ጆሮው በነፋስ ተገልብጦ እንደገና ጮኸበት። እኛ ስደተኞች ስለ ራሳችን ስናወራ "ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል" ማለት እንወዳለን። እኔም ያኔ አልኩት።

እማዬ ግንዱን ረጅም ጊዜ አየችው። "ይሄኛው እንኳን መልሶ ያመጣዋል" አለች።

ማታ ደብረ ማርቆስ ላለችው እህቷ ደወለች። ስለ ጀልባው አላወራችም፣ ስለ ነፋሱም አላወራችም። "እዚህም አደይ አለ" አለቻት።

ባላችሁበት ሁሉ መልካም አዲስ ዓመት፣ ወዳጆቼ።