ሌብል እያነበቡ ማጠብ፦ የአምስት ወር ማስታወሻ

ልጅ ሳለሁ አዲስ ልብስ ሲገዛልኝ መጀመሪያ የምፈልገው መቀስ ነበር። አንገቱ ውስጥ የተሰፋችው ጨርቅ ስለምትበላኝ ከሥሯ ቆርጬ እጥላታለሁ። ልማዱ ካደግኩም በኋላ አልለቀቀኝም፤ ባለፈው መስከረም ቁም ሳጥኔን ስፈትሽ ግማሹ ልብሴ ሌብል የለውም።

ለፍተሻው ያነሳሳኝ አንድ ነጭ ሹራብ ነው። ከሳልባጅ ያገኘሁት፣ ንጹሕ ሱፍ፣ ክረምቱን ሙሉ ከላዬ የማይወርድ። ወየብ ስላለብኝ ይንጣልኝ ብዬ በረኪና ጠብ ባለበት ውሃ ዘፈዘፍኩት። ከሰዓት በኋላ ሳወጣው ያረጀ ጥርስ መስሏል። ክርኑ ጋ ሳብ ሳደርገው እንደ ረጠበ ወረቀት ላላ። እዚያው ሳፋው ጠርዝ ላይ ገልብጬ ሌብሉን አየሁ፤ ሦስት ማዕዘን፣ በላዩ ኤክስ። ተነግሮኝ ነበር ማለት ነው። በረኪና ጥጥን ያነጣል፤ ሱፍና ሐር ግን እንደ ፀጉራችን ፕሮቲን ስለሆኑ መጀመሪያ ቢጫ ያደርጋቸዋል፣ ሲቆይ ይበላቸዋል።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ልብስ ከመንከሬ በፊት አነባለሁ፣ የሆነውንም ደብተር ላይ እጽፋለሁ።

ጥቅምት ያለቀው ምልክቶቹን በማጥናት ነው። ከአውሮፓ የመጣ ልብስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ሥዕል በተርታ ታገኛላችሁ፦ ሳፋ፣ ሦስት ማዕዘን (በረኪና)፣ አራት ማዕዘን (ማድረቅ)፣ ካውያ፣ ክብ። እነዚህን የሚያስተዳድረው ጂኔቴክስ የሚባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1963 ፓሪስ ላይ የተመሠረተ ነው። ካውያው ለመረዳት አያስቸግርም፤ አንድ ነጥብ ለብ ያለ፣ ሦስት ነጥብ ለጥጥና ለሊኖ የሚሆን ትኩስ። ክቡ የላውንደሪ ቤት ጉዳይ ነው፣ ዘለልኩት። በጣም የፈራሁት ሳፋው ላይ ያለውን ቁጥር ነበር። 30 ሲል ቴርሞሜትር ልገዛ ነው ወይ ብዬ ተጨንቄያለሁ።

ቁጥሩ ግን ጣራ ነው። ከዚህ አይለፍ ነው የሚለው፣ እዚህ ድረስ ይሙቅ አይልም። የአዲስ አበባ ቧንቧ ውሃ ጠዋት ጠዋት ጣት ያደነዝዛል፤ በጀበና ካላሞቅኩት በቀር 30 የት አግኝቼ! ሳፋው ላይ 95 የሚል አንሶላ ደግሞ አለኝ። እሱንማ ብፈልግም አልደርስበትም፤ በእኛ ከፍታ ውሃ ወደ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ደብተሬን ወደ ኋላ ስገልጥ፣ ካበላሸኋቸው ልብሶች ውስጥ በሙቀት የተበላሸ አንድም የለም። የበላቸው በረኪናው፣ ፀሐዩና ክንዴ ነው። ማሽን ላላቸው ሰዎች የመጀመሪያው ሥዕል ዋና ይሆናል፤ በሳፋ ለምናጥብ ግን ዓይናችን ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ቢያርፍ ይሻላል ባይ ነኝ።

ክንዴ ያልኩት ለቀልድ አይደለም። ኅዳር ላይ አንድ አበባማ ሸሚዝ አጠብኩ፤ ሌብሉ ላይ ከሳፋው ሥዕል ሥር ሁለት መስመር ተሰምሮበታል። አንድ መስመር በቀስታ፣ ሁለት መስመር በጣም በቀስታ ማለት ነው። ለማሽን የተጻፈ ነው ብዬ ናቅኩት። አሽቼ፣ አለቅልቄ፣ እንደ ልማዴ ከአንድ ጫፍ ይዤ ስጠመዝዘው ብብቱ ሥር ጠሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስፌቱ አልነበረም የሄደው፣ ራሱ ጨርቁ ነው። ጀርባው ላይ 100% ቪስኮስ ይላል። ቪስኮስ፣ ከእንጨት የሚሠራው ለስላሳ ጨርቅ፣ ደረቅ ሳለ ደህና ነው፤ ሲርስ ግን ጉልበቱ ግማሽ በግማሽ ይቀንሳል። አሁን ቪስኮስና ሱፍ አልጠመዝዝም። ፎጣ ላይ ዘርግቼ እንደ ምንጣፍ እጠቀልልና በጉልበቴ እጫነዋለሁ፤ ውሃውን ፎጣው ይጠጣዋል።

በየሁለት ሳምንቱ መጥተው ከባድ ከባዱን የሚያጥቡልኝ እናት አሉ። ሌብል ሳነብ ሲያዩኝ ሳቁብኝ። «ልጄ፣ እያነበብክ ልታጥብ ነው? ልብስ እኮ በእጅ ነው የሚታወቀው» አሉኝ። ሌብል የተቆረጠባቸውን ሰጥቼ ስፈትናቸው ደግሞ በጣታቸው ቆንጠር እያደረጉ «ይሄ ጥጥ፣ ይሄ ፕላስቲክ ያለበት» እያሉ ለዩዋቸው። እኔ በክብሪት አረጋገጥኩ፤ ከውስጥ ስፌቱ ክር መዝዤ ሳቃጥል ጥጡ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ሆነ፣ ፖሊስተሩ ቀልጦ ጠንካራ ዶቃ ሠራ፣ ሱፉ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ። እሳቸው አንዱንም አልሳቱም። የማንስማማው በረኪናው ላይ ብቻ ነው፤ ነጭ ነገር ካዩ ክዳኑ ይከፈታል። አሁን በረኪናውን ደብቄዋለሁ። መደበቁን ግን ያወቁ ይመስለኛል።

ታኅሣሥን ለፀሐይ ሰጠሁት። አንድ ዓይነት ሁለት ጥቁር ቲሸርት ገዛሁ፤ ሌብላቸው ላይ ያለው አራት ማዕዘን በላይኛው ግራ ጥጉ ሁለት በሰያፍ የወረዱ መስመሮች አሉት፣ በጥላ ይድረቅ ማለት ነው። አንዱን ፊቱን ወደ ውጭ አድርጌ ከቆርቆሮው በላይ ያለው ገመድ ላይ፣ ሌላውን ገልብጬ በረንዳ ጥላ ውስጥ እያሰጣሁ ስምንት ጊዜ አጠብኳቸው። የፀሐዩ ትከሻው ላይ የቡና አተላ መልክ ያዘ፤ መቆንጠጫው የያዘበት ቦታ ብቻ ሁለት ጥቁር ነጥብ ሆኖ ቀረ። የጥላው እንደተገዛ ነው። በዚህ ከፍታ የፀሐዩ ጨረር ብርቱ ነው፤ ልብስ ቶሎ ደረቀልኝ ብለን የምንደሰትበትን ያህል ቀለሙን ይወስዳል።

ሌብሉን አውቄ የጣስኩበትም አለ። ከአሜሪካ የሚመጣው ልብስ ሥዕል ባይኖረው በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ የአገሪቱ የንግድ ኮሚሽን ያወጣው ደንብ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ያስገድዳል። ደንቡ አምራቹን የሚጠይቀው ግን አንድ የማያበላሽ ዘዴ እንዲጽፍ ብቻ ነው። ስለዚህ «ድራይ ክሊን» (ያለ ውሃ በኬሚካል ይጽዳ) ብቻ ከተጻፈ፣ በውሃ ሊታጠብ የሚችል ልብስም ሊሆን ይችላል። «ድራይ ክሊን ኦንሊ»፣ ማለትም በዚያ ዘዴ ብቻ፣ ካለ ግን ጨዋታው ሌላ ነው። የእህቴን ገበር የሌለው የፖሊስተር ሸሚዝ ከውስጥ በኩል ጥግ ላይ ሞክሬ በቀዝቃዛ ውሃ አጠብኩት፤ ምንም አልሆነም፣ ሦስተኛ ጊዜው ነው። ኮቴን ግን አልነካውም። የኮት ደረትና ኮሌታ ውስጡ ብዙውን ጊዜ በሙጫ የተያያዘ ነው፤ ውሃ ሲገባው ጨርቁ፣ ገበሩና መሐሉ በየፊናቸው ይኮማተሩና እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣል።

ጥር ላይ ለጥምቀት እናቴ የለበሰችውን የሐበሻ ቀሚስ አምጥታ «አንተ እኮ ሊቅ ሆነሃል አሉ» ብላ አስረከበችኝ። ሸማኔ ሌብል አይሰፋም። ነጩ ሸማ ጥጥ ነው፣ አያስፈራም፤ ቀዩ ጥበብ ግን ምን ክር እንደሆነ ማን ያውቃል። ነጭ ጨርቅ አርጥቤ ከቀሚሱ ጫፍ ጥበቡ ላይ ጫን ብዬ ጠበቅኩ፤ ሮዝ ሆኖ ተነሳ። ጨውና አቼቶ ቀለም ያጸናል ሲባል እሰማ ስለነበር ከዚያው ክር በተሠራ ቁራጭ ሞከርኩት፤ ምንም ለውጥ የለውም። (አቼቶን ከበረኪና ጋር ደግሞ በጭራሽ እንዳታገናኙ፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።)

ስለዚህ ሳልዘፈዝፍ፣ ገልብጬ፣ በቀዝቃዛ ውሃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ቶሎ ቶሎ አጠብኩት። ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ አለቀለቅኩ፤ የፈረቃ ውሃ የሞላሁበት ሁለት ጀሪካን አለቀ። በጥበቡና በነጩ መሐል ደረቅ አንሶላ አስገብቼ በረንዳው ላይ ዘረጋሁት። ማታ ሳየው ንጹሕ ነው፣ ከወገቡ በታች አንሶላው ሸርተት ብሎ ጥበቡ ነጩን የነካበት አንድ ቦታ ብቻ ጥፍር የምታህል ሮዝ ቀርታለች። አጥፌ ስመልስ ያንን በኩል ወደ ውስጥ አድርጌዋለሁ። እናቴ እስካሁን አላየችውም።